የገሰራው ሃያ ኪሎ

በሰኔ ጡረታ ወጣሁ፤ በኅዳር ባለቤቴ ደረጀ አረፈ። እሱ ከትምህርት ቤት፣ እኔ ከገበያ እየተመለስን ሠላሳ ዓመት ሊሞላን ጥቂት እስኪቀረው አብረን ኖረናል። ሁለታችንም ጡረተኛ ሆነን ቀኑን ሙሉ አንድ ጣሪያ ሥር የዋልነው ግን በእነዚያ አምስት ወራት ብቻ ነው። እነሱንም በሰላም አልዋልናቸውም። እሱ ሬዲዮ ሲከፍት እኔ እቀንሳለሁ፤ እኔ መስኮት ስከፍት እሱ የሮቤ ንፋስ ሊገድለኝ ነው ይላል።

ልጃችን ሰላማዊት ጎባ ነው የምትሠራው፤ በየእሑዱ ትመጣለች። አንድ እሑድ በር ላይ ቆማ ስትሰማኝ ቆይታ ኖሮ፣ "እማዬ፣ ከአባዬ ፎቶ ጋር የምታወሪውን ለምን አትጽፊውም? ቢያንስ እኛም እናነበዋለን" አለችኝ። አፈርኩ። በማግሥቱ ግን ደብተር ገዛሁ። በቀን ግማሽ ገጽ ከሞላሁ ብዙ ነው። አንዳንድ ቀን አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፌ፣ ስሙ ሲመጣብኝ ደብተሩን ዘግቼ ጎመን ልኮተኩት እወጣለሁ።

ሥራዬ ሚዛን መፈተሽ ነበር። ነጋዴ እህል፣ ማር፣ ቡና ወይም ምስማር የሚመዝንበት ሚዛን ልክ መሆኑን እያየሁ፣ ልክ የሆነውን በሽቦና በእርሳስ ብረት አትማለሁ፤ ልክ ያልሆነው ላይ ቀይ ወረቀት እለጥፋለሁ። ቀይ ወረቀት የተለጠፈበት ሚዛን እስኪስተካከል ድረስ አይመዘንበትም። ሥራው ይኸው ነው። ደመወዙ ትንሽ፣ ቅጹ ብዙ ነበር፤ ስለ ሁለቱም ከዚህ በላይ አልጽፍም።

የጀመርኩት ግን ጎባ ላይ በታይፒስትነት ነው። ሚዛን የሚፈትሸው ጋሽ ቱሉ የሚባሉ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ካፖርት የለበሱ ሰው ነበሩ። ረዳታቸው ሥራ ለቆ ሄደና፣ አንድ ጠዋት ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥተው ሃያ ኪሎውን ድንጋይ እግሬ ሥር አስቀመጡ። ድንጋይ እንላቸዋለን እንጂ ሚዛን የምንፈትሽባቸው ድንጋዮች ብረት ናቸው።

"አንሺው" አሉኝ።

አነሣሁት።

"አሁን አስቀምጪው።"

ቀስ ብዬ፣ ድምፅ ሳላሰማ አስቀመጥኩት።

"ማንሣቱን ማንም ያነሣዋል። ቀስ ብሎ የሚያስቀምጥ ነው የምፈልገው" አሉና ከጽሕፈት መኪናዬ አስነሥተው ወሰዱኝ።

ጋሽ ቱሉ ጠዋት ቢሮ ሲገቡ መጀመሪያ ሰላም የሚሉት ድንጋዮቹን ነበር። "ደህና አደራችሁ?" ይሏቸዋል፣ ከዚያ ወደ እኛ ይዞራሉ። ኃላፊያችን በዚህ ይናደድ ነበር። በአሮጌ ብርድ ልብስ የተጠቀለሉትን አንድ በአንድ ፈተው፣ በደረቅ ጨርቅ ጠርገው፣ ገልብጠው ከሥር ያዩዋቸዋል። ትልልቆቹ ድንጋዮች ከሥራቸው ትንሽ ጉድጓድ አላቸው። ጉድጓዱ ውስጥ ቀልጦ የፈሰሰ እርሳስ አለ፤ ብረቱ ትክክለኛ ክብደቱ ላይ እስኪደርስ እርሳሱ ይጨመርበታል ወይም ይፋቅለታል። ጋሽ ቱሉ ያንን ቦታ "ሆዱ" ነበር የሚሉት። ከቢሮ ሲወጡ የድንጋዮቹን ሆድ ያያሉ፤ ገበያ ሲደርሱ ደግሞ እንደገና ያያሉ። "መንገድ ላይ ምን እንደገጠማቸው አይነግሩሽም" ይሉኝ ነበር።

ገበያ ስንደርስ ደግሞ አይቸኩሉም። ካፖርታቸውን ሰብስበው ይንበረከኩና በዶሮ ላባ ከሚዛኑ ሥር ጭቃና ፍሬ ይጠርጋሉ። ውሃ ልክ አስቀምጠው መሬቱ ደልዳላ መሆኑን ያረጋግጣሉ። ከዚያ ድንጋዩን መሐል ላይ፣ ቀጥሎም አራቱ ማዕዘን ላይ እያዘዋወሩ ያያሉ፤ መሐል ላይ እውነት የሚናገር ሚዛን ጥግ ላይ ሊዋሽ ይችላልና። እኔ ስንበረከክ ነጋዴዎች ይስቁ ነበር። አንዱ የጎባ እህል ነጋዴ፣ "ጋሽ ቱሉ፣ ይቺ ልጅ ራሷ ሚዛን ላይ ብትወጣ ሃያ ኪሎ አትሞላም እኮ" አላቸው። ጋሽ ቱሉ ቀና ሳይሉ፣ "ያንተን ሚዛን ካመንን ነው" አሉት።

ከደረጀ ጋር የተዋወቅነውም በሚዛን ነው። ጎባ የእንግሊዝኛ መምህር ሆኖ በመጣ በዓመቱ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ቢሮ ገብቶ ሚዛን ለትምህርት እንድናውሰው ጠየቀ። ጋሽ ቱሉ እንቢ አሉ። "እንግዲያው ተማሪዎቹን እዚህ ላምጣቸው" አለ። እሳቸውም ቀልድ መስሏቸው "አምጣቸው" አሉት። በማግሥቱ አርባ ተማሪ አሰልፎ መጣ። ግማሾቹ በመስኮት ያዩ ነበር።

"ስኬል" የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ሊያስተምር ነበር የመጣው። ለምን ለዚህ ሁሉ እንደተጨነቀ ስጠይቀው፣ እንግሊዞች ይህን አንድ ቃል ለሚዛንም ለሌላም ብዙ ነገር እንደሚያውሉት፣ ተማሪ ደግሞ ከመዝገበ ቃላት ሲሸመድደው እንደሚጠፋበት ነገረኝ። "ነገሩን በዓይናቸው ካዩት አይረሱትም። አንዱን ዛሬ አሳየኋቸው። ሌሎቹን እያፈላለግኩ ነው" አለኝ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ እየመጣ ምን እንዳገኘ ይነግረኝ ጀመር። ከደጋው ወንዝ የተጠመደ ዓሣ ገዝቶ ቅርፊቱን ለተማሪ አሳየ፤ ያም ስኬል ነው። ካርታ አምጥቶ ግርጌው ላይ ያለውን መለኪያ አሳየ፤ ያም ነው። ክራር የሚጫወት ጓደኛውን ክፍል ውስጥ አስገብቶ ድምፁን ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው እየደረደረ እንዲያሰማ አደረገ፤ ያንን ደግሞ ርእሰ መምህሩ አልወደዱለትም። የዓሣው ቀን ቢሮ ሲመጣ እጁ ይሸታል። ጋሽ ቱሉ አሽትተው፣ "ይህ ልጅ ለቃል ብሎ አይመጣም" አሉኝ። በዓመቱ ተጋባን።

ጎሮ ስመደብ እሱም ተዛወረ። ጎሮ ውሃው ከባድ ነው፤ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ ነጭ ቅርፊት ተጋግሮ ላስለቅቀው ስታገል አየኝና፣ "እንዳትነኪው፣ እሱም ስኬል ነው" ብሎ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ትምህርት ቤት ሄደ። አንድ ወር በድስት ውሃ አፈላሁ። የደመወዝ እርከኔ ሲሻሻል ደግሞ ደብዳቤዬን ወስዶ ለተማሪዎቹ አነበበላቸው፤ ያም አንዱ ነበር። ገበያ ውስጥ አንድ የማላውቀው ልጅ "እንኳን ደስ ያለሽ" ሲለኝ ነው የሰማሁት።

ደሎ መና የሄድኩት ብቻዬን፣ ለሥራ ጉዳይ ነበር። የሳነቴን ደጋ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ አቋርጦ፣ ቆላው ላይ ሹራብ እያወለቁ መውረድ ነው። አዴ ፋጡማ የሚባሉ ማር ነጋዴ ሚዛናቸው ጠዋትና ከሰዓት የተለያየ ይናገራል ብለው ራሳቸው ነበር ያስጠሩኝ። ውሃ ልኩን አስቀመጥኩ፤ መሬቱ ደልዳላ ነው። ድንጋዩን አስቀመጥኩ፤ አንዴ ልክ ነው፣ አንዴ አይደለም። ተንበርክኬ በላባዬ ልጠርግ እጄን ከሥሩ ስሰድ አንድ ነገር ነከሰኝ።

"ምንድን ነው?" አሉ አዴ ፋጡማ።

"ሚዛንዎ ይናከሳል" አልኳቸው።

ዶሮ ነበረች። ከሚዛኑ ሥር ጭድ አግበስብሳ አሥራ አንድ እንቁላል ታቅፋለች። እሷ ስትቀመጥ ጭዱ ሚዛኑን ይደግፈዋል፣ ለውሃ ስትነሣ ይለቀዋል።

"ትፈልፍል፣ ተያት" አሉ።

"እሷ ካልተነሣች ላትም አልችልም። ካላተምኩ ደግሞ መነገድ አይችሉም።"

"ማር አይበላሽም። እኔ እጠብቃታለሁ።"

ቀይ ወረቀት ለጥፌ ወደ ጎባው ቢሮ ተመለስኩ። በሪፖርቱ ላይ "ምክንያት" በሚለው ቦታ "ዶሮ" ብዬ ጻፍኩ። ኃላፊያችን ጠርቶ ሲጠይቀኝ ጋሽ ቱሉ ከኋላዬ ካፖርታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይስቁ ነበር።

አሁን ስለ ገሰራው ነገር መጻፍ አለብኝ። እዚህ ገጽ ላይ ለመድረስ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ጋሽ ቱሉ ጡረታ ወጥተው፣ ቢሮውም ወደ ሮቤ ተዛውሮ፣ እኔ ቦታቸውን ይዤ ነበር። ገመዳ የሚባል ገበሬ፣ ቤቱ የመዘነው ስንዴ ገሰራ ላይ ሐጂ ኡስማን ዘንድ ሲመዘን ጎደለ ብሎ አመለከተ። ሐጂ ኡስማን ስንዴና ገብስ ከገበሬ የሚገዙ፣ ገሰራ ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ የነገዱ ሰው ናቸው። በገበያው ቀን ልሄድ ተነሣሁ። የቢሮው መኪና ሌላ ሥራ ላይ ስለነበረ በአይሱዙ ለመሄድ ተገደድኩ። መኪናው ሊነሣ ሲል ነው የደረስኩት። አንድ ሃያ ኪሎ ብቻ ያዝኩ፤ ብርድ ልብሱንም ረሳሁት። ድንጋዩ ኋላ፣ በባዶ ጀሪካን መሐል፣ እስከ ገሰራ ድረስ ሲዘል ሄደ።

ገሰራ ስደርስ ገበያው ሞልቷል። የሐጂ ኡስማን ሱቅ በር ላይ ሰው ተሰበሰበ፤ አቤቱታው ተሰምቶ ኖሯል። ተንበረከክሁ፣ ጠረግሁ፣ ውሃ ልኩን አየሁ። ድንጋዩን ግን ገልብጬ አላየሁም። ሰው ሁሉ እያየኝ ስለነበረ፣ ባለሙያ መምሰል ፈልጌ፣ በአንድ ጊዜ አንሥቼ አስቀመጥኩት። ሚዛኑ አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ከስምንት መቶ ግራም አለ። ማዕዘኖቹ ላይም ያው ነው። ከሃያ ኪሎ ሁለት መቶ ግራም ጎደለ ማለት ከኩንታሉ አንድ ኪሎ ከገበሬው ላይ ተወሰደ ማለት ነው። ጮክ ብዬ አነበብኩት። ሕዝቡ አጉረመረመ።

ሐጂ ኡስማን ከበርጩማቸው ተነሥተው ድንጋዩን አዩት።

"ልጄ፣ ይህን ድንጋይሽንስ ማን መዘነው?" አሉኝ።

"መንግሥት" አልኩ።

ሰው ሳቀ። እሳቸው ላይ ነው የሳቀው። በርጩማቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። እኔ ቀዩን ወረቀት ለጠፍኩ። ከኋላዬ አንዱ በኦሮምኛ፣ "መካ የሄደው በእኛ ስንዴ ነው ለካ" ሲል ሰምቻለሁ። የዚያን ቀን ደስ ብሎኝ ነው የተመለስኩት።

በማግሥቱ ቢሮ ውስጥ የድንጋዩን ጭቃ በጨርቅ ስጠርግ፣ ከሥሩ ጣቴ ገባ። ሆዱ ባዶ ነበር። እርሳሱ መንገድ ላይ ወድቋል። ከሌላው ሃያ ኪሎ ጋር በሚዛን አስተያየሁት፤ የጎደለው ድንጋዩ እንጂ የሐጂ ኡስማን ሚዛን አልነበረም። ሚዛኑ ያየውን ነው የተናገረው።

ለኃላፊው ነገርኩት። ብዙም አልተደናገጠም። "ደብዳቤ እንጽፋለን። 'ሚዛኑ በድጋሚ ተፈትሾ ተስተካክሎ ስለተገኘ' እንላለን፣ ቀዩ ወረቀት ይነሣል። አለቀ" አለኝ።

"ተስተካክሎ ካልን እኮ፣ ሲሰርቁ ተይዘው አስተካከሉ ማለት ነው።"

"መሥሪያ ቤቱ ተሳሳተ ብለን እንጻፍ? ነገ ቀይ ወረቀት የለጠፍንበት ሁሉ ድንጋያችሁን አሳዩን ይላል።"

"ይበል" አልኩት፤ ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ገሰራ ሄጄ በአደባባይ ብናገር ኃላፊነቱን የምወስደው እኔ መሆኔን አስጠንቅቆ አሰናበተኝ።

ጋሽ ቱሉ ቤት ሄድኩ። ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው። እገሠጻለሁ ብዬ ስጠብቅ፣ "ስትደርሺ ገልብጠሽ አላየሽውም?" ብቻ አሉ።

"አላየሁም።"

"እንግዲህ የታመመውንም ደህናውንም ይዘሽ ሂጂ። ደህናውን ብቻ ካሳየሽ ማን ያምንሻል?"

ደረጀ ይህን ስነግረው የተማሪ ፈተና እያረመ ነበር። "የተናገርሽው በአፍሽ ነው። ደብዳቤ ደግሞ ገበያ ላይ አይነበብም" አለኝ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ "ቅዳሜ ነው አይደል ገበያው? ትምህርት የለኝም። አንዱን ድንጋይ እኔ እይዛለሁ" አለ።

እስከዚያ ድረስ ያሉትን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው አላስታውስም። ቅዳሜ ገሰራ ስንደርስ የሐጂ ኡስማን በር ላይ አንድ አህያ እንኳ አልቆመም። እሳቸው በርጩማቸው ላይ ናቸው፤ ቀዩ ወረቀት ሚዛኑ ላይ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሰላምታ የነፈጓቸው ሰዎች እንደነበሩ ኋላ ሰማሁ።

"አሰላሙ አለይኩም፣ ሐጂ" አልኳቸው።

"ወአለይኩሙ ሰላም። ዛሬ ደግሞ ምን ልትወስጂ ነው?"

"ልመልስ ነው የመጣሁት።"

ድንጋዩን ገለበጥኩት። ማንም ሳይጠራው፣ ሴትዮዋ እንደገና መጣች ተብሎ ሰው ተሰበሰበ። በኦሮምኛም በአማርኛም ተናገርኩ፤ ድንጋዬ ጎዶሎ እንደነበረ፣ ሐጂ ድንጋይሽን ማን መዘነው ሲሉኝ ገልብጬ እንዳላየሁ፣ ሚዛናቸው ልክ እንደነበረ። ከዚያ ባዶ ሆድ ያለውን ድንጋይ ለሰው ሰጠሁ። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሁሉም ጣቱን ጉድጓዱ ውስጥ እያስገባ ያቀብላል። አንድ ሽማግሌ ጣታቸው ወፍሮ አልገባ ብሏቸው ትንሿን ጣታቸውን አስገቡ። ደህናውን ድንጋይ ሚዛኑ ላይ ሳስቀምጥ ሃያ አለ፤ ያነበበው ግን እኔ አልነበርኩም፣ ሕዝቡ ነው።

ቀዩን ወረቀት ላነሣ ስል ሐጂ ኡስማን እጃቸውን አነሡ።

"ቆይ። ያለፈው ሳምንት ስንት ሰው ሰማ?"

"ገበያው ሁሉ።"

"ዛሬስ እዚህ ያለው ስንት ነው? ሃምሳ ሰው። ሌላው እህሉ ላይ ነው፣ ከብቱ ጋ ነው።" ሚዛኑን በከዘራቸው ነካ አደረጉት። "ወረቀቱን አንሺና እዚህ ቁሚ። ዛሬ እኔ አላነብም። የሚመዘነውን ሁሉ አንቺ ታነቢያለሽ፣ ከብት ተራ ድረስ እንዲሰማ አድርገሽ።"

"እስከ መቼ?"

"ሰው እስኪያልቅ።"

ደረጀን አየሁት። ኮቱን እያወለቀ ነበር።

መጀመሪያ ማንም አልመጣም። ቆይተው አንዲት ባልቴት ሁለት ማዳበሪያ ገብስ በአህያ ጭነው መጡ፤ "እኔ መንገዴ ሩቅ ነው፣ የእናንተን ጠብ አልጠብቅም" አሉ። ደረጀ አወረደላቸው፣ እኔ ጮክ ብዬ በሁለት ቋንቋ አነበብኩ። ከዚያ ሌላ መጣ። ከሰዓት በፊት ሰልፍ ሆነ። ሃያ ስል ከሰልፉ ውስጥ "ዲግደማ" እያሉ በኦሮምኛ ይቀበሉኝ ጀመር። ሐጂ ኡስማን በርጩማቸው ላይ ሆነው፣ "አልሰማሁም" ይሉኛል። እደግመዋለሁ። ደረጀ በሸሚዙ ጆንያ ሲሸከም የቀድሞ ተማሪው አይቶት፣ "ቲቸር፣ ሥራ ለቀቁ እንዴ?" አለው። "አይ፣ ሚስቴን እየረዳሁ ነው፤ ከዚህ ይልቅ ማስተማር ይቀላል" አለ።

ገበያው ሊበተን ሲል ገመዳ መጣ። ያ ያመለከተው ገበሬ ነው። አንድ ጆንያ ይዞ ከሰልፉ መጨረሻ ቆሞ ነበር። ሲመዘን እኔ ላነብ አፌን ስከፍት ሐጂ ኡስማን ከለከሉኝ።

"ይህን እሱ ያንብብ" አሉ።

ገመዳ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ቀስ ብሎ አነበበ። ቤቱ ከመዘነው ጋር አንድ ነበር።

"ያለፈውስ ጊዜ?" አሉት።

"ያለፈውን የመዘንኩት ዝናብ እንደነካው ነው፣ ሐጂ። ሳመጣው ደርቆ ነበር።"

"ዝናቡን ለእኔ ልትሸጥ ነበራ።"

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ገመዳም ሳቀ። ሐጂ ኡስማን አልሳቁም፤ ግን ተነሥተው እጁን ጨበጡት፣ ቀጥለው የደረጀን፣ በመጨረሻም የእኔን። "ሂጂ፣ ጨርሰሻል" አሉኝ። በበራቸው የሚያልፈው ሰው በሙሉ ቆሞ ሰላም ይላቸው ነበር። የሚቀጥለው ሳምንት ሰልፋቸው እስከ መንገዱ ደረሰ አሉ፤ እኔ አላየሁም፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጥቶኝ ቢሮ ተቀምጬ ነበር። ያንን ደብዳቤ ዛሬም አላፍርበትም።

ወደ ሮቤ ስንመለስ ድምፄ ፈጽሞ ጠፍቷል። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ቃል አልወጣኝም። ደረጀ እንደዚያ ተደስቶ አላየሁትም። ይጠይቀኛል፣ ከዚያ ድምፁን አቅጥኖ በእኔ ፈንታ ይመልሳል። "ወጡ እንዴት ነው?" ይላል፤ "ጨው በዝቶበታል፣ ግን አንተ ስለሆንክ የሠራኸው ይጣፍጣል" ይላል። "መስኮቱ ይዘጋ?" ይላል፤ "ይዘጋ የኔ ጌታ፣ ንፋሱን አንተ አትችለውም" ይላል። እኔ በማንኪያ እመታዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ እሱ የሁለታችንንም ድርሻ እያወራ ሳለ፣ ድምፄ ሳላስበው ተመለሰ።

"ዝም በል" አልኩት።

ሳቀ፣ ደገመልኝም፣ በእኔው ድምፅ። ቀኑን ሙሉ ዝም አላለም።